እግረኛና ፈረሰኛ በአንድ ዱካ፦ ከሲያትል ማዶ የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

ሲያትል አካባቢ የሚኖር ሐበሻ እናቱን ከአገር ቤት ሲያመጣ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጭንቀት ይገጥመዋል። እናት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ስመው፣ ገበያ ደርሰው፣ ለቅሶ ተቀምጠው የሚመለሱ ሴት እዚህ ሶፋ ላይ ይቀራሉ። የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ። ስኳሩና ደም ግፊቱ ይጨምራል። ሐኪሙ "ይራመዱ" ይላል። የት እንደሚራመዱ ግን አይነግርም።

የእግር ጉዞ ቡድናችን የተጀመረው ከዚህ ጭንቀት ነው። አብዛኞቹ አባላት እናቶች ናቸው። ልጆች በየተራ በመኪና እናመላልሳቸዋለን። የመረጥነው ቦታ ብራይድል ትሬይልስ የሚባል የደን ፓርክ ነው። እዚያ እግረኛና ፈረሰኛ አንድ መንገድ ይጋራሉ። በመካከላችን ቅሬታ ተፈጠረ፤ ለአደጋም ትንሽ ቀርቶት ነበር። በኋላ ነገሩ በአብዛኛው ተስተካከለ። የተስተካከለበት መንገድ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ጻፍኩት። የማንንም ስም አልጠቅስም።

ቦታው

ፓርኩ ከሲያትል በዋሽንግተን ሐይቅ ማዶ፣ ቤልቪውና ከርክላንድ የሚባሉት ከተሞች የሚገናኙበት ላይ ነው። በምዕራብ በኩል 405 የተባለው አውራ ጎዳና ያልፋል። ዙሪያው የመኖሪያ ሰፈር ነው። ከአንዳንዱ ቤት ጓሮ የፈረስ ጋጣ ይታያል።

ስፋቱ 482 ኤከር ነው፤ ወደ 195 ሄክታር ማለት ነው። ውስጡ 28 ማይል ያህል መንገድ አለ። መንገዶቹ እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ አዲስ ሰው በቀላሉ ይምታታበታል። ለዚህ መፍትሔው በምልክት የተለዩት ሦስት ዙር መንገዶች ናቸው። ኮዮቲ የሚባለው አንድ ማይል ነው። ሬቨን 1.7 ማይል ይሆናል። ትሪሊየም 3.5 ማይል ሆኖ ፓርኩን ሰፋ አድርጎ ይዞራል። ዙር መንገድ ለእናቶች ትልቅ ነገር ነው። የመጡበትን መንገድ ላግኝ ብሎ መጨነቅ የለም። የደከማት ትንሹን ትዞራለች፣ የጠነከረችው ትልቁን፤ ሁሉም መኪናው ጋ ይገናኛሉ።

ዛፉ ዳግላስ ፈር፣ ሄምሎክና ቀይ ሴዳር ነው። ከሥር ፈርን የሚባል ቅጠሉ የተንዠረገገ ተክል ሞልቶታል። በጸደይ ባለሦስት ቅጠሏ ነጭ ትሪሊየም ታብባለች። ሳማም አለ፣ ያው የኛው ሳማ! መጀመሪያ ቀን እናቶች ከሁሉ በፊት የለዩት እሱን ነበር።

ካርታ ላይ ሲታይ ፓርኩ አራት ማዕዘን ነው ማለት ይቻላል። ሲያትል የምትገኝባት ዋሽንግተን በ1889 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ግዛት ስትሆን፣ የፌዴራሉ መንግሥት ቁጥር ከተሰጣቸው ከየ36ቱ ባለ አንድ ካሬ ማይል ቁራሽ መሬት ውስጥ 16ኛውንና 36ኛውን ለትምህርት ቤቶች መደጎሚያ ሰጥቷት ነበር። የፓርኩ መሬት የመጣው ከዚያ ነው። የድሮው ደን ተቆርጧል። ዛሬ የምናየው ከዚያ ወዲህ የበቀለ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ሳያውቁ ግን ጉዳዩን መረዳት አይቻልም። እዚያ ሌክ ዋሽንግተን ሳድል ክለብ የሚባል የፈረሰኞች ማኅበር አለ። ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የግዛቱ ፓርኮች በጀት ሲያጥር ይህ ፓርክ ይዘጋሉ ተብለው ከሚያሰጉት አንዱ ሆነ። ያኔ የአካባቢው ሰዎች ብራይድል ትሬይልስ ፓርክ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ገንዘብ እያሰባሰቡ የፓርኩን ወጪ ከግዛቱ ጋር ለመጋራት ተስማሙ። የአትክልት ቦታ ወይም የመጫወቻ ሜዳ አይደለም ያዳኑት። ጭቃ መንገድና ዛፍ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ለፈረሰኞቹ ያለኝ ግምት ተለወጠ። በዚህ መንገድ ላይ "የኛ ነው" የሚል ስሜት ቢኖራቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም።

ችግሩ

ነፋስ ያለበት የጠዋት ሰዓት ነበር። ቡድኑ አንድ ጥምዝ ላይ ደረሰ። ከወዲያ ሁለት ፈረሰኞች መጡ። እናቶች ጨዋነት ነው ብለው ፈጥነው ከመንገድ ወረዱ። ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ። ሁለቱ አንድ ወፍራም ሴዳር ጀርባ ተጠጉ። ሁሉም ዝም አሉ። ፈረሱ እኩል ሲደርስ ከዛፉ ጀርባ አንዷ ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ ብድግ አደረጉት። ነፋሱ ነጠላውን ነፋው።

ፈረሱ ደነበረ። ወደ ጎን ዘለለ፤ የኋላ እግሩ ከመንገዱ ማዶ ከቆሙት እናት በክንድ ርቀት ላይ አረፈ። ጋላቢዋ አልወደቀችም። ዛቧን ሰብስባ ፈረሱን አረጋጋችው። ከዚያ ጮክ ብላ "አትደበቁ! አናግሩን!" አለች። በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃሉን የተረዱት ጥቂቶች ናቸው። ቁጣውን ግን ሁሉም ተረዱት።

ማታ የቴሌግራም ቡድናችን በዚህ ነገር ታመሰ። "ከመንገድ ወርደንላት ደግሞ ትቆጣናለች?" የሚለው ነበር ዋናው። ጥቁር ስለሆንን ነው ያለም ነበር። ይህን የሚል ሰው ያለምክንያት አይልም፤ እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ያየሁት የደነገጠ እንስሳና የደነገጠች ሴት ነው። ሦስት እናቶች ግን ሁለተኛ አንሄድም አሉ። ያሳዘነኝ እሱ ነው። ከቤት ያወጣናቸው በስንት ልመና ነበር።

ሌላም ቅሬታ ነበር። ከኛ ወገን ፋንድያውና ጭቃው ያስመርር ነበር። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ እዚህ ዝናብ ነው። የፈረስ ኮቴ ያቦካውን መንገድ በስኒከር ማለፍ ከባድ ነው። ከነሱ ወገን ደግሞ ቡድናችን መንገዱን ሙሉ ይዞ ይሄዳል፣ መዝሙር በስልክ ድምፅ ማጉያ ይከፈታል፣ ጭቃውን ሽሽት በዳር በኩል እየተረገጠ መንገዱ ይሰፋል የሚሉ ስሞታዎች ሰምተናል። አንዷ እናት በአጥር በኩል ለሰው ፈረስ ዳቦ አጉርሰው ነበር፤ እሱም ተነሥቷል። ሁሉም እውነት ነው።

የነገሩ ሥር

ቆም ብለን ስናስበው ሁለት ነገር ተጋጭቶ ነበር።

አንደኛው ሥርዓት ነው። በእናቶቻችን ልማድ ፈረስ ላይ ያለ ሰው ነው ሽማግሌና ባልቴት ሲያይ ወርዶ ወይም ዝቅ ብሎ ሰላም የሚለው። እግረኛ አፉን ከፍቶ ፈረሰኛን አይጣራም። ስለዚህ ዝም ብለው ጠበቁ። ሰላምታው ሳይመጣ ቀረና ተናደዱ። በዚህ አገር የመንገድ ደንብ ደግሞ እግረኛው ለፈረሱ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ቀድሞ ድምፅ ማሰማቱም የሚጠበቀው ከእግረኛው ነው። ሁለቱም ወገን ሌላውን ባለጌ ብሎ ተለያየ።

ሁለተኛው የፈረስ ተፈጥሮ ነው። የፈረስ ዓይን በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ነው። ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው ከአፍንጫው ፊት ያለውን ጥቂት ቦታና ከጀርባው ያለውን ነው። በዱር ዘመኑ የሚታደን እንስሳ ነበር፤ ሲፈራ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከዚያ ያስባል። የተደበቀና ዝም ያለ ነገር ለሱ አድፋጭ አውሬ ነው። የሚናገር ነገር ሰው ነው። እናቶች ያደረጉት ሁሉ፣ መደበቁም፣ ዝምታውም፣ ለሁለት መከፈሉም፣ ለሰው ጨዋነት ሆኖ ለፈረሱ ግን ማስፈራሪያ ሆነበት።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግነው ቀላሉን ነው። የመንገዱን ደንብ ወደ አማርኛ መልሰን ቴሌግራም ላይ ለጠፍን። ብዙ ሰው "እሺ" የሚል ምልክት ሰጠ። መንገድ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ግማሾቹ እናቶች ስልክ ላይ ጽሑፍ አያነቡም። ያነበቡትም ቢሆኑ ፈረስ በድንገት ሲመጣባቸው እግራቸው የለመደውን አደረገ።

ቀጥሎ ሰዓት ለመቀየር ሞከርን። ፈረሰኞች ባልበዙበት ሰዓት እንሂድ አልን። አልሆነም። የእናቶች ሰዓት በልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሰዓት የታሰረ ነው። ፈረሰኛውም ሰዓት የለውም፤ አየሩ ሲከፈት ይወጣል።

ለውጥ ያመጣው ሦስተኛው ነው። አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ ሌላ ፈረሰኛ፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት፣ ፈረሷን ከተጎታች ስታወርድ አገኘናት። ነገሩን አስረዳናት። አልተከላከለችም። "አምጧቸውና ከሱ ጋር ይተዋወቁ" አለች። ቀን ቀጠርን። ቀርተው የነበሩትን እናቶች "ፈረስ ለማየት ብቻ ነው" ብለን አመጣናቸው።

ያን ቀን ፈረሱ ቆሞ፣ እኛ ዞረነው ተማርን። ሴትዮዋ ጆሮውን አሳየችን። ወደፊት ከሆነ እያዳመጠ ነው። ወደ ኋላ ከተለጠፈ ተቆጥቷል፣ ራቁ። አንዱ ጆሮ ወደ ጋላቢው፣ አንዱ ወደናንተ ከሆነ ሁለታችሁንም እየሰማ ነው። እኔ እተረጉማለሁ። ታዲያ መሃል ላይ አንዲት እናት ከኔ ቀድመው ማስረዳት ጀመሩ። የአዊ ሰው ናቸው። እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበት አገር ነው፤ ያደጉት ኮርቻ ከሚጭኑ ወንድሞች ጋር ነው። ፈረሱ አንገት ጋ በጎን በኩል ቀረቡ፤ ከፊት አይደለም፣ ከኋላም አይደለም። እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። "ስሙ ማነው?" አሉ። እኛ አገር የጀግና ስም በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፤ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ይህን ለጋላቢዋ ስነግራት ፊቷ በራ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እናቶች እሷን በፈረሱ ስም "አባ" ብለው ይጠሯታል። ሴት መሆኗ አላገዳቸውም።

ከዚያ ነጠላው መጣ። ጋላቢዋ ራሷ ጠየቀች። መጀመሪያ የታጠፈ ነጠላ አሸተተ። ቀጥሎ በግማሽ ተዘረጋ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ፉር አለ። ነጠላው ባለበት እንዲቆይ አደረገች፤ ወደኋላ አልሳበችውም፣ ወደፊትም አልገፋችውም። ፈረሱ ከንፈሩን መላስና አፉን ማላመጥ ጀመረ፤ አንገቱም ዝቅ አለ። ዘና አለ ማለት ነው። ደግመው ደጋግመው ካሳዩት በኋላ ነጠላው ትከሻው ላይ ተጣለ፣ እሱም ሳሩን መጋጡን ቀጠለ። ተሰብስበው የነበሩት እናቶች እልል አሉ። ፈረሱ እልልታውን አልወደደውም፤ ጆሮው ቀጥ አለ። እሱም አንድ ትምህርት ሆነ።

የዚያን ቀን የተስማማንበት ደንብ አጭር ነው። ፈረስ ሲታይ ሁሉም ወደ አንድ ጎን። ቁልቁለት ካለ በታች በኩል፤ ፈረስ ከላዩ የቆመ ነገር ይበልጥ ያስፈራዋል፣ ሲደነብርም የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ነው። ከፊት ያለችው ሴት ድምፅ ታሰማለች። ነፋስ ካለ ነጠላ ይታሰራል። ጋላቢዋ "ሂዱ" እስክትል መንቀሳቀስ የለም። በምን ቋንቋ እንናገር ብለው ጠየቁ። "በፈለጋችሁት፤ ፈረሱ የሚፈልገው የሰው ድምፅ ነው" አለች። ስለዚህ "እንደምን አደርሽ ልጄ" ይላሉ። ከሁሉ በላይ የረዳው ይህ ይመስለኛል። ትእዛዝ ሳይሆን ሰላምታ ሆነላቸው።

አራተኛው እርምጃ ጉልበት ነው። ለመንገዱ ጥገና በጎ ፈቃደኞች በሚወጡበት ቀን ከቡድኑ ልጆች ሄድን። ጠጠር በጋሪ ገፋን፣ የውኃ መውረጃ ቦይ ከቅጠል አጸዳን። የአንድ ፈረስ ክብደት ከነጋላቢው ከ500 ኪሎ ያልፋል፤ በአራት ኮቴ ላይ የወረደ ነው። ውኃ የቆመበት አፈር ይህን አይችልም። ሥራው ሁሉ ውኃውን ከመንገዱ ማስወጣት ነው። ጭቃውን በዳር የሚሸሽ እግረኛ ደግሞ ዳሩን ረግጦ ፈርኑን ያጠፋል፤ መንገዱ ሲሰፋ ጭቃውም አብሮ ይሰፋል። አካፋ ሳልይዝ በፊት ይህን በወሬ ነበር የማውቀው።

የሠራውና ያልሠራው

ሁለቱ እናቶች ተመልሰዋል። አንዷ አልተመለሱም፤ ሰፈራቸው ባለው አስፋልት ላይ ይሄዳሉ። እሳቸውን አልጎተጎትንም።

ድምፅ ማሰማቱና ወደ አንድ ጎን መቆሙ ጸንቷል። አሁን ትንሽ ልጅ ያስከተለች እናት እንኳ ፈረስ ስታይ ልጁን በቀኟ አድርጋ ቆማ ታናግራለች። ጋላቢዎቹም ቡድናችንን ለይተው አውቀዋል። ከሩቅ ሲያዩን ይቀንሳሉ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ ይወርዳሉ። መጀመሪያ የተቆጣችዋን ሴት አንድ ቀን ድጋሚ አገኘናት። እናቶች ቀድመው ሰላም አሏት። ቆማ ያን ቀን ስለጮኸች ይቅርታ ጠየቀች።

የስልክ ድምፅ ማጉያው ግን አሁንም ችግር ነው። ጆሮ ማዳመጫ ይሻላል ያልን ነበርን፤ እሱ ደግሞ ከኋላ የሚመጣን ፈረስ እንዳይሰሙ ያደርጋል። ስለዚህ ሁለቱንም ተውን፤ ዘፈንም መዝሙርም መኪና ውስጥ ይቀራል። ሁሉም ግን አልተስማማም።

ውሻ ያለው አባል ሲመጣም እንቸገራለን። በግዛቱ ፓርኮች ደንብ የውሻ ማሰሪያ ከ8 ጫማ መብለጥ የለበትም። ሰዎቻችን የሚገዙት ራሱ የሚረዝመውንና የሚጠቀለለውን ነው። እሱ እስከሚጠቀለል ፈረሱ ደርሷል።

ወጪም አለ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ግዛቱ ፓርኮች በመኪና የሚገባ ሰው ዲስከቨር ፓስ የሚባል የመኪና መግቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የአንድ ቀኑ 10 ዶላር ነው። በየሳምንቱ ለሚሄድ የዓመቱን መግዛት ይሻላል። እኛ መኪና እንጋራለን።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም እግረኛ፣ ሯጭና ፈረስ የሚገናኙበት ነው። እዚያ የሚሄድ ሰው ከዚህ ጉዳይ ሊወስደው የሚችለው ነገር አለ። በተለይ የእግር ጉዞ ቡድን ለምታስተባብሩ።

ደንብ ከመለጠፋችሁ በፊት ፈረሱን አሳዩ። የተጻፈ ደንብ እኛ ዘንድ ምንም አልለወጠም፤ ቆሞ የተነካ ፈረስ ብዙ ለወጠ። አንድ ፈቃደኛ ጋላቢ ይበቃል። ጋላቢ ስትመርጡ ፈረሱ የቆየና የተረጋጋ ይሁን፤ ወጣትና ቁጡ ፈረስ ለዚህ አይሆንም። ልጆች ካሉ ከፈረሱ ኋላ ርቆ የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ሰው መድቡ፤ ማንም ከኋላ እንዳያልፍ።

ሰላምታን ማን ይጀምራል የሚለውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ትንሽ ነገር ይመስላል። እኛን ያጣላን ግን እሱ ነው።

ቡድን ውስጥ ፈረስ የሚያውቅ ሰው መኖሩን ጠይቁ። እኛ አልጠየቅንም፤ የአዊዋ እናት በራሳቸው ተገለጡ እንጂ። ገጠር ያደገ ሽማግሌ በየቡድኑ አይጠፋም፤ ከከተማ ልጅ ይልቅ ለዚህ ሥራ እሱ ይሻላል። ለሱም ደስታ ነው። በዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ ሰው ምንም ጠይቋቸው የማያውቁ እናት ያን ቀን አስተማሪ ሆነው ዋሉ።

መንገዱን የሚጠግነው ማን እንደሆነ እወቁ፤ ከዚያም አብራችሁ ሥሩ። ከጥገናው ቀን በኋላ ስለ ጭቃው ስናነሣ የሚሰማን ጆሮ ተለውጧል። ሁለት ጭቃ የሚበዛባቸው ቦታዎችን አመልክተን ከሚቀጥለው የጥገና ቀን ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። አንደኛው ያ ፈረሱ የደነበረበት ጥምዝ ነው፤ የተጋደመ ቅርንጫፍ እይታ ይከለክላል፣ ከሥሩም ውኃ ይቆማል። ቅርንጫፉን መቁረጥ የፓርኩ ሠራተኞች ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው። እስከዚያው ቡድኑ ጥምዙ ጋ ሲደርስ ከፊት ያለችው እናት "አለን!" ብላ ትጣራለች።